ማን ሞተ?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጥሩምባ ሰማሁ፤
«ማን ሞተ?» አልሁና ጋቢዬን ስቤ ጥቂት ቆየሁ።
ጋሽ ጓንጉል፣ የዕድራችን ለፋፊ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ
ለሙት ብቻ ነው የነፋው፣ ያውቀዋል ሰፈሩ ሁሉ።
ስም እስኪጠራ ጠበቅሁ፣ ቀብሩም የት እንደሆነ፤
ስም አልመጣም። ጥሩምባው ብቻ
እንደ ጠፋ ጥጃ ጮኸ፣ ደከመ፣ ደግሞ ባነነ።

መስኮቴን ስከፍት ጎንደር በቅዳሜ ገበያ በኩል
ቀልታለች፤ የግንቡ ጫፍ ፍም መስሏል።
የልብስ ሰፊዎች ተራ ነዶ በርበሬ ተራን ሲከተል
ሳሉ ቀድሞ ደረሰ፣ ከእሳቱ በፊት፣ እኛ ቤት።

ቧንቧችን ከነጠፈ አሥራ ሰባት ቀኑ ነበር።
ከአልጋዬ ሥር አንዲት ጀሪካን አለችኝ፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር፤
ሃያ ሊትር፣ ለፊቴ፣ ለድስቴ፣ ለጉሮሮዬ።
እውነቱን ልናገር፦ መጀመሪያ በእግሬ ገፋ አድርጌ
ወደ ግድግዳው አራቅኋት። ከዚያ ወጣሁ፣ በሬን ዘግቼ፣ ባዶ እጄን፣ ለወሬ።

መጀመሪያ ሰዎች አልነበርንም፣ ግርግር ነበርን።
አንዱ «ድረሱ!» ይላል፣ አንዱ «ማን ለኮሰው?»፣ ተገፋፋን፣ ተሰባበርን።
አንድ ጎረምሳ ጣቃ ጨርቅ ታቅፎ ሲሮጥ አየሁት፤
የወይዘሮ አንጓች ጣቃ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከምሮ
ሲጠብቅላት አደረ ያ፣ በልቤ ሌባ ብዬ የሰደብሁት።
ሌላው ግን የእውነት ሌባ ነበር።
አበልጄ ነው፣ ስሙን አልጠራም።

ዝማም፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪዋ፣
ቀን ቀን ከሾፌር ስድብ የማይለያት፣ ደመወዟ ሳንቲም፣ ፊሽካ ሹመቷ፣
«ተራ!» አለች። ነፋች። «ተራ ያዙ!» አለች።
ሌላ ሥልጣን አልነበራትም።
ቆምን።

ጉድጓድ የለም። ወንዙ ሩቅ ነው።
ያ ሁሉ ውሃ የመጣው ከየአልጋው ሥር ነው።
ከመስጊዱ የውዱእ በርሜል፣ ስድስት ሆነው ተሸክመው፣
ሰይድ ኑርዬ ከፊት፣ «ቀስ! ቀስ!» እያለ፣ ዱቄት እንደለበሰው፤
አንዲት እናት ጠበላቸውን በሃይላንድ ይዘው፦
«ለክፉ ቀን ያልሁት ነው።» ዝም አሉ። ክዳኑን ከፈቱት።
«ይኸው ክፉ ቀን።»

ተመለስሁ። ተንበርክኬ ጎተትኋት።
እንደዚያ ሌሊት ከብዳኝ አታውቅም፤
ከእጄ ወደማላውቀው እጅ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ስትሻገር
ቀይ ክሯን በዓይኔ ሸኘሁ፣ ጭሱ እስኪውጣት።
ከኋላዬ አንድ ሰው «ተቀበል እንጂ!» ብሎ ወቀጠኝ፤
ተቀበልሁ። ስንቱን እንደተቀበልሁ አልቆጠርሁም።
ትከሻዬ ግን ሳምንት ሙሉ ቆጠረው።

የእሳት አደጋ መኪናው ሲደርስ ወፍ ተንጫጭቷል።
አሥራ አንድ ሱቅ አመድ ሆኗል፣ የቀረው ተርፏል።
አንጓች ከተቃጠለ ሲንጀሯ ፊት ቆማ
መዘውሩን በጣቷ ገፋችው፤ ዞረላት። አለቀሰች ያኔ፣ እሳቱ ሲነድ ያላነባች።
የጋሽ ጓንጉል ከንፈር አብጦ እንደ ገንፎ፣
ከገጠር እንጨት ጭኖ የደረሰ ሰው «ማን ሞተ?» አለው።
ራሱን ነቀነቀ። መናገር አቅቶት፣
በጥሩምባው ጫፍ ወደ እኛ አመለከተ፦
ጥላሸት የጠጣን፣ አስፋልቱ ላይ የተዘረርን፣
አንዳችን የሌላውን ጭን ተንተርሰን።

ባዶ ጀሪካን መንገዱን ሞልቶት፣ ቢጫ በቢጫ፤
ሰው ሁሉ የራሱን ፈለገ፣ ገለበጠ፣ ተወ በመጨረሻ።
እኔም አንዲት አነሳሁ፣ በሚስማር «አ» የተጫረባት።
የማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። የእኔም የት እንዳለች
የጠየቀኝ የለም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ደጀኔ በሬን አንኳኳ፦
«ጠብታ ውሃ የለህም?»
ያቺን ባዶዋን አነሳሁና ጆሮው ሥር ነቀነቅሁለት።
ሳቅን። ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ ነበርና
መሳቁ አመመን።